ብዕሩና መሣሪያው፦ የኤድስገር ዳይክስትራ አስተያየቶች በማስተማር ሙያ ሚዛን

መግቢያ

አዲስ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት በገባ ቁጥር አብሮት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም መሣሪያውን የሠሩትና የሚሠሩበት ሰዎች አስተያየት ነው። መሣሪያው በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ አስተያየቱ ግን ሳይመዘገብና ሳይመረመር በመምህሩ አነጋገር፣ በመማሪያ መጽሐፉ ገጽና በፈተናው ጥያቄ ውስጥ ሠርጎ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ተናገረው ሳይታወቅ እንደ ሕግ ይጠቀሳል።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘገጃጀት ሙያ ውስጥ ስለ መሣሪያ ምርጫ፣ ስለ ሥራ ልማድና ስለ ሙያው ባህል እንደ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ አጥብቆ የተናገረ፣ ንግግሩም ያን ያህል የተሠራጨለት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዳይክስትራ ከአንደኛ ዓመት ተማሪ ጀምሮ እስከ ሥርዓተ ትምህርት ቀራጩ ድረስ ያሉትን ሁሉ የሚመለከቱ ፍርዶች ሰጥቷል። ከእነዚህ ፍርዶች አንዳንዶቹ የፕሮግራም ትምህርትን ከሥር የለወጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በመምህር አፍ ሲደገሙ ጉዳት የሚያስከትሉ ናቸው። የዚህ ሐተታ ዓላማም ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ነው። በሐተታው የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሰውየውና አሠራሩ

ዳይክስትራ በ1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ መምህር፣ እናቱ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ያጠና በነበረበት ጊዜ፣ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በፕሮግራመርነት ተቀጠረ። በ1957 ጋብቻውን ሲያስመዘግብ ሙያው ፕሮግራመር መሆኑን ቢናገር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹሞች እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው ስላልተቀበሉት፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ የፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ መጻፉን ራሱ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አውስቷል። ሙያው ስም እንኳ ያልነበረው መሆኑ በኋላ የሰነዘራቸውን ፍርዶች መንፈስ ለመረዳት ይጠቅማል። ሰውየው የፕሮግራም አዘገጃጀት ከእጅ ሥራ ወደ ምሁራዊ ሙያ ከፍ እንዲል ዕድሜውን ሙሉ የታገለ ነበርና።

ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የማግኛ ዘዴ ያሰበው በ1956 በአምስተርዳም ከእጮኛው ጋር ቡና ለመጠጣት በተቀመጠበት ቤት ነበር። ሐሳቡን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ ወረቀትም እርሳስም በእጁ አልነበረም። ዘዴው በ1959 ታተመ። ዳይክስትራ በኋላ እንደ ገለጸው፣ ዘዴው ቀላልና ንጹሕ ሊሆን የቻለው ወረቀትና እርሳስ ስላልነበሩት ነው፤ መጻፊያ የሌለው ሰው ሊወገድ የሚችለውን ውስብስብ ነገር ሁሉ ለማስወገድ ይገደዳልና።

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1973 ጀምሮ በረስ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር ኩባንያ የምርምር ባልደረባ ሆኖ በአብዛኛው በመኖሪያ ቤቱ ሠራ። ከ1984 እስከ 1999 በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ2002 በአገሩ ዐረፈ።

አስተያየቶቹን በብዛት ያሠፈረው በመጻሕፍት ሳይሆን በስሙ መነሻ ፊደላት ኢ.ደብልዩ.ዲ. ተብለው በሚጠሩ ተራ ቁጥር በተሰጣቸው ማስታወሻዎች ነው። ቁጥራቸው ከ1300 በላይ ነው። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ በኋላም በቀለም ብዕርና ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ እያዘጋጀ፣ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ለጥቂት ወዳጆቹ ይልካቸው ነበር፤ ወዳጆቹም እያባዙ ለሌሎች ያስተላልፏቸው ነበር። የሒሳብ ማስረጃ፣ የጉዞ ዘገባ፣ ደብዳቤና ወቀሳ ሁሉ በዚሁ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ አሠራር ለሐያሲ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ለወዳጅ የሚጻፍ ማስታወሻ ጥንቃቄ አይጠየቅበትም። ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች የተናገራቸው እጅግ መራራ ቃላት የሚገኙት በ1975 በጻፈው ማስታወሻ ሲሆን፣ ማስታወሻው በሙያ መጽሔት ታትሞ የወጣው በ1982 ነው። ለጥቂት ሰዎች ጆሮ የተባለው ነገር ለመላው ዓለም ትምህርት ቤቶች መመሪያ መስሎ ሲጠቀስ ክብደቱ ይለወጣል። የመራርነቱ ኃላፊ ደራሲው ብቻ አይደለም፤ አውዱን ሳያይ የሚጠቅሰውም ተካፋይ ነው።

፪. ስለ መሣሪያ የሰጠው ፍርድ

ዳይክስትራ ስለ መሣሪያ ባለው አስተሳሰብ ውስጥ መሠረት የሆነው ነጥብ መሣሪያ የሠራተኛውን እጅ ብቻ ሳይሆን አእምሮውንም የሚቀርጽ መሆኑ ነው። ይህን በተግባር ያሳየበት ዋናው ጽሑፍ በመጋቢት 1968 በአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ያወጣው አጭር ደብዳቤ ነው። «ጎ ቱ» የተባለው ትእዛዝ ጎጂ መሆኑን የሚያውጀው ዝነኛ ርእስ የራሱ የዳይክስትራ ሳይሆን የመጽሔቱ አዘጋጅ የኒክላውስ ቪርት ነው።

ክርክሩን ለመረዳት ከቢሮ ሥራ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይበቃል። ለአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የ40 ተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብበት ሃያ ተራ ትእዛዝ ተጽፎ ተሰጠው እንበል። በ7ኛው ትእዛዝ ላይ «ወደ 15 ሂድ»፣ በ15ኛው ላይ «ውጤቱ ካልተሟላ ወደ 4 ተመለስ»፣ በ18ኛው ላይ «ወደ 9 ሂድ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሠራተኛው 15ኛው ትእዛዝ ላይ በደረሰ ጊዜ ከ14ኛው ወርዶ ይሁን ከ7ኛው ዘሎ፣ እስከዚያም ድረስ ምን ምን እንደ ተፈጸመ ከወረቀቱ ላይ ሊያነብ አይችልም። «ለእያንዳንዱ ተማሪ ይህን ፈጽም፤ ውጤቱ ካልተሟላም ይህን አድርግ» ተብሎ በክፍል በክፍል ከተጻፈ ግን የወረቀቱ ቅደም ተከተልና የሥራው ቅደም ተከተል ይገጥማሉ፤ አንባቢውም በየትኛው ተማሪ ላይና በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ዘወትር ያውቃል። ዳይክስትራ የጠየቀው ይህንኑ ነው። የሰው አእምሮ በጊዜ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ለመከታተል ደካማ በመሆኑ፣ የሚነበበው ጽሑፍና የሚፈጸመው ሥራ በተቻለ መጠን መቀራረብ አለባቸው ማለቱ ነበር።

ይህ ፍርድ በጊዜ ተፈትኖ ጸንቷል። ዛሬ በትምህርት ቤቶች የሚዘወተሩት እንደ ፓይተንና ጃቫ ያሉት ቋንቋዎች ያንን የዝላይ ትእዛዝ ለተጠቃሚ አይሰጡም። ሆኖም ፍርዱ ያለ ገደብ አልነበረም። ዶናልድ ክኑት በ1974 ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ ዝላዩ በጥንቃቄ ሲሠራበት ጽሑፉን የሚያጠራባቸው ጊዜያት እንዳሉ በምሳሌ አስረድቷል። ስለዚህ ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ክልከላውን ሳይሆን ምክንያቱን ነው። ምክንያቱን ሳያውቅ ዝላይን የሚሸሽ ተማሪ በተፈቀዱት ትእዛዞችም ቢሆን የማይነበብ ፕሮግራም መጻፉ አይቀርም።

፫. መሣሪያውን ሲነቅፍ ተማሪውን ነካ

ከላይ የተጠቀሰው ፍርድ ስለ መሣሪያ ነው። በ1975ቱ ማስታወሻ ላይ ግን ዳይክስትራ ከመሣሪያው አልፎ በመሣሪያው የተማሩትን ሰዎች ይፈርዳል። ኮቦል የተባለው የንግድ ሥራ ቋንቋ አእምሮን ያሰናክላል፣ ማስተማሩም እንደ ወንጀል ሊቆጠር ይገባል ይላል። ቤዚክ በተባለው ቋንቋ ቀድመው የተለማመዱ ተማሪዎችን ደግሞ ጥሩ ፕሮግራም ማስተማር ከሞላ ጎደል የማይቻል መሆኑን፣ አእምሯቸውም ሊጠገን ከማይችልበት ደረጃ መድረሱን ይናገራል።

ቤዚክ በ1964 በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን ያዘጋጁት ቋንቋ ነው። ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነው ወጣትም ኮምፒዩተርን በራሱ እጅ እንዲሠራበት በር ለመክፈት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የቤዚክ ዓይነቶች በዝላይ ትእዛዝ የተሞሉና ፕሮግራሙን በክፍል በክፍል ለማዋቀር የማያመቹ እንደ ነበሩ አይካድም። በዚህ ረገድ ዳይክስትራ መሣሪያውን መንቀፉ ትክክል ነው። ነገር ግን መሣሪያው ጎደሎ ነው ማለትና በጎደሎ መሣሪያ የጀመረ ተማሪ ተስፋ የለውም ማለት ፈጽሞ የተለያዩ አባባሎች ናቸው። የመጀመሪያው ሙያዊ ትችት ሲሆን ሁለተኛው ስለ ሰው ልጅ የመማር ችሎታ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ለዚህኛው ፍርድ ደራሲው ያቀረበው ማስረጃ የለም።

እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ማፍረሻ የራሱ የዳይክስትራ ሕይወት ነው። በ1952 ሥራ ሲጀምር ቤዚክም ኮቦልም አልነበሩም። የጻፈው በኮምፒዩተሩ ጥሬ የቁጥር ትእዛዞች ነበር፤ በዚያ ዓይነት አጻጻፍ ደግሞ ዝላይ ዋና መሣሪያ እንጂ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው መሣሪያ አእምሮን ለዘለቄታው የሚያበላሽ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊበላሽ የሚገባው የዳይክስትራ አእምሮ ነበር። እርሱ ግን ከጥሬው ትእዛዝ ተነሥቶ፣ በ1960 ከያፕ ዞነቬልድ ጋር አልጎል 60 ለተባለው ቋንቋ ተርጓሚ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ከስምንት ዓመት በኋላም ዝላይን የሚቃወመውን ደብዳቤ ጻፈ። ይህ የሚያስረዳው ሰው ከጀመረበት መሣሪያ በላይ ሊያድግ የሚችል መሆኑን ነው።

በመምህር ማሠልጠኛ ውስጥ ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም። ወደ ኮሌጅ የሚመጣ ሠልጣኝ ከዚህ በፊት ያገኘው መሣሪያ በአብዛኛው እርሱ የመረጠው አይደለም፤ በአካባቢው የተገኘው ነው። አንዱ ባረጀ ኮምፒዩተር፣ ሌላው በእጅ ስልክ፣ ሦስተኛው በመጽሐፍ ላይ ባለ ሥዕል ብቻ ተምሮ ይመጣል። መምህሩ «በዚያ ከጀመርክማ አበቃልህ» የሚለውን አስተሳሰብ በቀልድ መልክም ቢሆን ከደገመው፣ በዕድል የተከፋፈለውን በችሎታ የተከፋፈለ ያስመስለዋል። የተናቀ ተማሪ ደግሞ ስሕተቱን ይደብቃል እንጂ አያርምም። አለን ኬይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1997 በዚህ ሙያ ውስጥ ትዕቢት የሚለካበት መለኪያ በዳይክስትራ ስም ሊሰየም እንደሚገባ መቀለዱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

፬. ስለ ሥራ ልማድ፦ ከመሞከር በፊት ማሰብ

የዳይክስትራ አስተያየቶች ለትምህርት ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚሰጡት በሥራ ልማድ ረገድ ነው። ሙከራ በፕሮግራም ውስጥ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፣ ስሕተት አለመኖሩን ግን ሊያረጋግጥ አይችልም የሚለው መርሑ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ይህን ወደ ትምህርት ክፍል አውርዶ ማየት ይቻላል።

ተማሪዎች ከቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ ትልቁን የሚያገኝ ፕሮግራም እንዲያዘጋጁ ታዘዙ እንበል። አንዱ ተማሪ እንዲህ ሲል ይጽፋል፦ በእጅህ ዜሮን ያዝ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አንብብ፤ ከያዝከው የሚበልጥ ባገኘህ ቁጥር የያዝከውን ጥለህ አዲሱን ያዝ፤ በመጨረሻ የያዝከው ትልቁ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ክፍል ተማሪዎች የፈተና ውጤት ላይ ተሞክሮ ትክክል ሆነ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ውጤት ላይም ትክክል ሆነ። ተማሪውም መምህሩም ረኩ። ከዚያ በኋላ ያው ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ በከሰረ ሱቅ ሒሳብ ላይ ይሞከር፤ የየወሩ ኪሳራ ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ተጽፏል። ፕሮግራሙ ትልቁ ቁጥር ዜሮ ነው ይላል፤ ዜሮ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መቶ የተማሪ ውጤት ቢሞከር ይህ ስሕተት አይገኝም ነበር።

ዳይክስትራ የሚያስተምረው ዘዴ ግን ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት ስሕተቱን ያጋልጣል። ዘዴው በሥራው ሂደት ሁሉ እውነት ሆኖ መቆየት ያለበትን አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍና በየደረጃው መመርመር ነው። እዚህ ላይ ዐረፍተ ነገሩ «በእጅ የተያዘው ቁጥር እስካሁን ከተነበቡት ሁሉ ትልቁ ነው» የሚል ይሆናል። ገና በመነሻው ምንም ቁጥር ሳይነበብ ዜሮ ተይዟል፤ ዜሮም ከተነበቡት አንዱ አይደለም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረሰ። ማረሚያውም ወዲያው ይታያል፤ ይኸውም በዜሮ ፈንታ የዝርዝሩን የመጀመሪያ ቁጥር ይዞ መነሣት ነው። ይህን ትምህርት ለመስጠት ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ።

ዳይክስትራ በ1988 መጨረሻ ስለ ኮምፒዩተር ሳይንስ አስተማመር በጻፈው ማስታወሻ ይህን አቋም እስከ ዳር ገፍቶታል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የፕሮግራም ቋንቋ ሆን ተብሎ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ እንዳይሠራ መደረግ አለበት፤ ተማሪው ሞክሮ ለማየት ሳይፈተን በማስረጃ ብቻ ትክክለኛነቱን ያረጋግጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በፕሮግራም ውስጥ የሚገኝ ጉድለት በእንግሊዝኛ «ተባይ» በሚል ስም መጠራቱንም ይቃወማል፤ ተባይ ከውጭ ሾልኮ የገባ ስለሚመስል ኃላፊነቱን ከሠራተኛው ላይ ያነሣል፣ ስለዚህ በትክክለኛ ስሙ ስሕተት ይባል ይላል። ጽሑፉ በ1989 በዚያው የባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ከሌሎች ሊቃውንት መልስ ጋር ታትሞ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንደኛው፣ ስሕተትን በስሙ መጥራት ለማንኛውም ትምህርት የሚጠቅም የኅሊና ትምህርት ነው። ሁለተኛው ግን፣ ተማሪን ሆን ብሎ ከመሣሪያው ማራቅ በየቦታው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ለዳይክስትራ ከኮምፒዩተር መራቅ ምርጫ ነበር። ሃያ ዓመት በላይ ከመሣሪያው ጋር ኖሮ፣ ባሕርዩን ከሥር አውቆ፣ ከዚያ በኋላ ብዕሩን መረጠ። የቴክሳስ ተማሪዎቹም ከእርሱ ክፍል ሲወጡ ኮምፒዩተር የሚያገኙ ነበሩ። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ግን ከመሣሪያው ራቅ ቢባል የሚተወው ነገር የለውም፤ ያላገኘውን ሊተው አይችልምና።

ስለዚህ የዳይክስትራ ሐሳብ ኮምፒዩተር ላልተሟላላቸው ትምህርት ቤቶች ማጽናኛ ወይም ማመካኛ ሊደረግ አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያ ባይኖር ትምህርቱ የለም ማለትም አይደለም። መብራት በጠፋበት ወይም አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ በሆነበት ክፍል የሚታየው የተለመደ ችግር፣ ጊዜው የመሣሪያውን ክፍሎች ስምና ትርጓሜ በማስጠናት ማለፉ ነው። ተማሪው የቁልፍ ሰሌዳ ምን እንደሆነ ይተረጉማል፤ ትልቁን ቁጥር የሚያገኝ ትእዛዝ ግን አይጽፍም። ዳይክስትራ ያለ መሣሪያ እንዲሠራ የፈለገው ማሰብን ነው፤ ሽምደዳ ከዚህ አይቆጠርም። ከላይ የታየው ምሳሌ በመብራትም ያለ መብራትም የሚሠራ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲገኝ ደግሞ ተማሪው አስቦ የደረሰበትን ለማመሳከር ይጠቀምበታል።

ይህን አስታራቂ መንገድ ለማግኘት የሲሞር ፓፐርትን አስተሳሰብ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ፓፐርት በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ቋንቋ ያዘጋጀ ሲሆን፣ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃኑ ፕሮግራሙ ሲሳሳት አይቶ ስሕተቱን ፈልጎ ማረሙ ራሱ ዋና የመማሪያ መንገድ መሆኑን አስተምሯል። ዳይክስትራ ስሕተት እንዳይፈጸም ይጠነቀቃል፤ ፓፐርት የተፈጸመው ስሕተት እንዲያስተምር ይፈልጋል። አንደኛው የጎለመሰውን ባለሙያ፣ ሁለተኛው ጀማሪውን ሕፃን በዓይነ ኅሊናው ይዞ ስለሚናገር፣ ተቃርኗቸው በአብዛኛው የዕድሜና የደረጃ ነው። ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ሁለቱንም በየደረጃቸው ማስቀመጥ ይችላል።

፭. ቋንቋና ትክክለኛ አነጋገር

በዚያው በ1975 ማስታወሻ፣ ከስድቦቹ መካከል፣ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ቁም ነገር አለ። ዳይክስትራ ከሒሳብ ዝንባሌ ሌላ ጥሩ ፕሮግራመርን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን አጥርቶ ማወቅ ነው ይላል። ይህን ያለው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኮምፒዩተርን በተራ ሰዋዊ ቋንቋ ማዘዝ ይቻላል የሚለውን ተስፋ ሞኝነት ብሎ አጥብቆ ተቃወመ።

ሁለቱ አስተያየቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጋጩም። የአማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። ቅኔያችን በሰምና ወርቅ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲሸከም ውበት ይባላል። ጽሕፈታችንም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ስለማይለይ፣ «ይበላል» ተብሎ የተጻፈው ቃል የሚበላውን ሰውም የሚበላውን እህልም ሊያመለክት ይችላል፤ አንባቢው ከአውዱ ይለየዋል። ኮምፒዩተር ግን ወርቁን የሚፈልግለት ሊቅ የለውም። «ከ50 በላይ ያመጣ ያልፋል» የሚለው ተራ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንኳ 50 ያመጣው ተማሪ ማለፉን ወይም መውደቁን አይናገርም። ሰው አስተዳዳሪውን ይጠይቃል፤ ፕሮግራም ግን በተጻፈለት ምልክት መሠረት ተማሪውን ያሳልፋል ወይም ይጥላል።

እንግዲህ የዳይክስትራ ሐሳብ ሲጠቃለል ሰው ሊያስብና ሊያስረዳ የሚገባው አጥርቶ በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ ለመሣሪያው ሊያዝዝ የሚገባው ግን አሻሚነት በሌለው ምልክት ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በተራ አነጋገር ሲጠየቁ ፕሮግራም የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መስፋፋታቸው ይህን ሐሳብ አላሻረውም። ዳይክስትራ የጠበቀው ያህል ከንቱ ሙከራ አልሆነም፤ መሣሪያዎቹ ብዙ ይሠራሉና። ነገር ግን 50 ያመጣው ተማሪ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለውን ጠያቂው ካልወሰነ መሣሪያው ራሱ ይወስናል፤ መወሰኑንም ጠያቂው ላያውቅ ይችላል። የተሰጠውን ፕሮግራም አንብቦ የሚፈርድ ሰው አስፈላጊነት ከቀድሞው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መፍቀዱ ይታወቃል። የፕሮግራም ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ቃላት የሚሰጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ተማሪው የቃላቱን ቅርጽ ገልብጦ የሐሳቡን ሰንሰለት ሳይዝ ሊያልፍ ይችላል። የመድኃኒቱ ከፊል ቀላል ነው፤ ተማሪው ፕሮግራሙን ከመጻፉ በፊት በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ፣ ምን እንደሚሠራና ለምን ትክክል እንደሆነ በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ፕሮግራሙ ቢሠራለትም ገና አልተማረውም።

፮. ስለ ሙያው ባህል

ዳይክስትራ ሙያው በገበያና በወቅት ፋሽን መመራቱን ዕድሜውን ሙሉ ተቃውሟል። በ2001፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በመግቢያ ኮርሱ ላይ ሃስኬል የተባለውን ቋንቋ በጃቫ ለመተካት ሲያስብ፣ ለውጡን የሚቃወም ደብዳቤ ለሚመለከታቸው የዩኒቨርሲቲው አባላት ጽፏል። ተማሪ የሚማረው የመጀመሪያ ቋንቋ አስተሳሰቡን ስለሚቀርጽ ምርጫው በገበያ ተወዳጅነት ሊወሰን አይገባም የሚል ነበር መሠረቱ። ይህ አቋም ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ትልቅ ጥያቄ ያስቀምጣል። ኢንዱስትሪው ዛሬ የሚፈልገው መሣሪያ ተማሪው ሲመረቅ ሊለወጥ ይችላል፤ አጥርቶ የማሰብ ልማድ ግን አብሮት ይኖራል።

ሆኖም ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ዳይክስትራ ለረጅም ዘመን ሥራውን ያለ ኮምፒዩተር በብዕርና በወረቀት ሠርቷል፤ በኋላም አንድ ኮምፒዩተር ቢኖረው በዋነኛነት ለደብዳቤ መለዋወጫ ተጠቅሞበታል። ይህን ያስቻለው ጸጥታ፣ ጊዜና የተረጋጋ ደመወዝ ነበር፤ በመኖሪያ ቤቱ እየሠራ የሚከፍለው ኩባንያ፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲ የተከበረ ወንበር ነበረው። ሥራ ፍለጋ የሚወጣ የኮሌጅ ምሩቅ ለገበያው ጀርባውን ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ የዳይክስትራ ኑሮ ለሁሉ የሚታዘዝ ሥርዓት ሊሆን አይችልም፤ መርሑ ግን ከኑሮው ተለይቶ ሊወሰድ ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ከዳይክስትራ አስተያየቶች ውስጥ ሦስቱ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። እነርሱም የሚነበብ ፕሮግራም መጻፍ፣ ከመሞከር በፊት ትክክለኛነቱን በማሰብ መመርመር፣ ሐሳብን አጥርተው በሚያውቁት ቋንቋ ማስረዳት ናቸው። ሦስቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የመምህሩን ዝግጅት ነው። ለዚህም የሠልጣኙ ምዘና ከትርጓሜ ጥያቄ ወጥቶ፣ አጭር ፕሮግራም አንብቦ የት ላይ እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት ወደሚያስረዳ ጥያቄ መዞር ይኖርበታል።

አንዱ ግን መቅረት አለበት፤ ይኸውም በጎደሎ መሣሪያ የተማረውን ሰው መናቅ ነው። ዳይክስትራ ሙያው ስም ባልነበረው ጊዜ፣ የማዘጋጃ ቤት ሹም በማያውቀው ሥራ፣ በጥሬ የቁጥር ትእዛዝ ጀምሮ እጅግ ሩቅ ደርሷል። ባረጀ ኮምፒዩተር ወይም በጥቁር ሰሌዳ የሚጀምር ተማሪም ከመምህሩ የሚጠብቀው ያንኑ ዕድል ነው።